አፈ ስስ ለሆነ ፈረስ የሚመች ልጓም እንዴት ይመረጣል

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ ለገጣፎ ዳር ላይ ፈረስ የያዛችሁ ሰዎች የምታነሱት ነገር አንድ አይነት ነው፣ ልጓም ሲያይ አንገቱን ይሰቅላል፣ ዛብ (በእጅ የሚያዘውን የልጓም ማሰሪያ) ስነካ ራሱን ይወዘውዛል፣ አፉን በርግዶ ይከፍታል፣ ምላሱን ከብረቱ በላይ ያወጣል፣ ታዲያ ምን ልግዛለት? ሰፈር ውስጥ የሚሰጠው መልስ ደሞ "ጠንከር ያለ ብረት አስገባለት፣ ይሰክናል" ነው። አይሰክንም። ፈረሱ የሚሸሸው ህመሙን ነው፣ ህመም ሲጨመርበት የበለጠ ይሸሻል እንጂ ምን ሊያደርግ ነው። ሁለተኛው መልስ "ወፍራም ግዛ፣ ጎማ ግዛ፣ ለስላሳ ነው" የሚለው ነው፣ ይሄም ግማሹ ብቻ ነው እውነት። እኔ እስከማውቀው ድረስ ዝም ብሎ በራሱ ለስላሳ የሚባል ልጓም የለም፣ ለስላሳው በዛች ፈረስ አፍ ልክ የተሰራውና አፏ ውስጥ ገብቶ ረግቶ የሚቀመጠው ነው። ስለዚ ከግዢ በፊት ብዙ ስራ አለ፣ እሱን በቅደም ተከተል ልበላችሁ። (ልጓም ስል እዚ ጋ አፍ የሚገባውን ብረት ነው፣ ጠፍሩን ጠፍር እላለሁ። አፈ ስስ የምለው ደሞ አፉን ቶሎ የሚያመውን ፈረስ ነው።)

1. መጀመሪያ አፉን እዩ

ይሄንን ሳያደርጉ ልጓም መቀያየር ብር መበተን ነው። ፈረሱን ጥላ ያለበት ቦታ ሳይሆን ብርሃን ያለበት ቦታ እሰሩት፣ የሚይዝላችሁ ሰው ይኑር። ከጎኑ ቁሙ፣ ከፊቱ አትቁሙ። ግራ እጃችሁን አፍንጫው ላይ አሳርፉ፣ የቀኝ አውራ ጣታችሁን በከንፈሩ ጥግ በኩል አስገቡ፣ እዛ ጋ ጥርስ የለም፣ አትፍሩ፣ ላንቃውን ቀስ ብላችሁ ጫን ስታደርጉት አፉን ይከፍታል። ምላሱን ጨምድዶ መጎተት የሚወድ ሰው አለ፣ ተዉት፣ ምላስ በቀላሉ ይጎዳል።

አሁን የምታዩት በፊት ጥርሱና በመንጋጋው መሀል ያለውን ባዶ ድድ ነው። ልጓሙ የሚያርፈው እሱ ላይና ምላሱ ላይ ነው። በጣታችሁ ዳብሱት። ከስሩ ያለው አጥንት ጠርዝ ያለው ነው፣ ላዩን የሸፈነው ቆዳ ደሞ ስስ ነው፣ ለዛ ነው ትንሽ ነገር የሚያመው። ቀይ የሆነ፣ ያበጠ፣ የጠነከረ ጠባሳ ወይም ስትነኩት ራሱን የሚነጥቅበት ቦታ ካገኛችሁ መልሱን ግማሽ አገኛችሁ ማለት ነው። የከንፈሩን ጥግ ግራና ቀኝ እዩ፣ ተሰንጥቋል? ፀጉሩ ነጭ ሆኖ በቅሏል? ነጭ ፀጉር የድሮ ቁስል ምልክት ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ፈረሱን ከሰው ገዝታችሁት ከሆነ ታሪኩን ይነግራችኋል። ምላሱ ላይ ደሞ አግድም የተሰመረ ጠባሳ አለ ወይ፣ ሽቦ ወይም ቀጭን ገመድ አፉ ገብቶ የሚያውቅ የጋሪ ፈረስ ላይ ይሄ ይታያል።

ከዛ ጥርስ። የፈረስ ጥርስ እድሜውን ሙሉ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል፣ በአመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ገደማ፣ ሲያኝክ ደሞ ይሞረዳል፣ ግን እኩል ስለማይሞረድ የላይኛው መንጋጋ በውጪ ጠርዙ፣ የታችኛው በውስጥ ጠርዙ ስለት ያወጣል። የላይኛው ጉንጩን፣ የታችኛው ምላሱን ይቆርጠዋል። እናንተ ዛብ ስትስቡ ጉንጩ ከስለቱ ጋ ይጋጠማል፣ ፈረሱ ራሱን ይወዘውዛል፣ እናንተ ልጓሙን ትወቅሳላችሁ። ገብስ ሲበላ ከአፉ የሚያፈስ፣ ድርቆሹን አኝኮ አኝኮ ጠቅልሎ የሚተፋ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ ፈረስ ካላችሁ ጥርሱ ነው፣ ሐኪም ይሞርድለት። ሌላም አለ፣ ከላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት የምትበቅል ትንሽ ትርፍ ጥርስ፣ ሁሉም ፈረስ ላይ የለችም፣ ካለች ግን ብረቱ ሲነካት ሊያም ይችላል፣ ትነቀል ወይስ ትተው የሚለውን ሐኪም ይወስን፣ በጉጠት ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። የወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የፈረስ ጥርስ ካልሰራ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ እዛ መጠየቅ ይቻላል። በአመት አንዴ ጥርሱን ማሳየት ብዙ አይደለም።

ቁስል ካለ በቃ እስኪሽር ድረስ ብረት አይግባ። ላይ ላዩን የሆነ የአፍ ቁስል ብረት ካልነካው ብዙ ጊዜ ቶሎ ይድናል። በዛ መሀል መስራት ካለበት ደረጃ 6 ላይ ያለውን እዩ።

2. ስፋቱን ለኩ

አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ከውጪ የሚመጣው ልጓም የተሰራው ለትልልቅ ፈረስ ነው፣ የኛ አገር ፈረስ ደሞ አብዛኛው ቁመቱ ከ1.40 ሜትር የማይበልጥ አፈ ጠባብ ነው። ልጓሙ ላይ 5 ወይም 5.5 የሚል ካያችሁ ኢንች ነው፣ 12.7 እና 14 ሳንቲም ማለት ነው። ለብዙ የኛ ፈረስ 14 ሲበዛ ሰፊ ነው፣ 11.5 ወይም 12 ነው ልኩ የሚሆነው፣ ግን በግምት አትግዙ፣ ለኩ።

አንድ ክንድ የሚሆን ሲባጎ ውሰዱ፣ አንድ ጫፉ ጋ ቋጥሩ። ልጓም በሚያርፍበት ቦታ አፉ ውስጥ አሳልፉት፣ ቋጠሮው የአንዱን ከንፈር ጥግ ከውጪ ይንካ፣ ሌላኛው ሰው በሌላ በኩል ሲባጎው ከከንፈሩ የሚወጣበትን ቦታ በጣቱ ይያዝ። ሲባጎው ይወጠር እንጂ ከንፈሩን አይጭመቅ። አውጡና በሜትር ለኩት። ሁለቴ አድርጉት፣ ፈረሱ ስለሚያኝከው አንዴ የለካችሁት አይታመንም። ቀለበቱ የሚሽከረከር ልጓም ከሆነ በልኩ ላይ 1 ሳንቲም ያህል ጨምሩ፣ ቀለበቱ የማይሽከረከር ከሆነ ግማሽ ሳንቲም ይበቃል። ከዛ ካነሰ ከንፈሩን ይቆነጥጠዋል፣ ከበለጠ ደሞ ብረቱ ግራና ቀኝ እየተንሸራተተ ይፈገፍገዋል፣ መሀሉ የሚታጠፍ ከሆነማ መታጠፊያው ከመሀል ወጥቶ አንዱን ድድ ለብቻው ይመታዋል።

3. ውፍረቱ፣ እዚ ጋ ነው ክርክሩ

ወፍራም ብረት ጫናውን ሰፋ ባለ ቦታ ስለሚያሳርፍ ለስላሳ ነው የሚባለው ትክክል ነው፣ ቦታ ካለ። የፈረስ አፍ ውስጥ ግን ባዶ ቦታ የለም፣ አፉ ሲዘጋ ምላሱ ሞልቶት ላንቃውን ይነካል። ወፍራም ምላስ ላለው ትንሽ ፈረስ 20 ሚሊ የጎማ ልጓም ማስገባት ለህፃን ልጅ የአዋቂ ጉርሻ እንደማጉረስ ነው፣ ሰውየው በፍቅር ነው ያጎረሰው፣ ልጁ ግን አፉን መዝጋት አቃተው። ፈረሱም እንደዛው አፉን ይከፍታል፣ ከዛ ባለቤቱ "አፉን እንዳይከፍት" ብሎ የአፍንጫውን ጠፍር ያጠብቅበታል። ይሄን ያህል ግፍ!

መፈተኛው ቀላል ነው። አመልካችና መሀል ጣታችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ባዶው ድድ ጋ፣ ምላሱ ላይ አስገቡና አፉን እስኪዘጋ ጠብቁ። ጣታችሁ ከላይም ከታችም ወዲያው ከተጫነ ቦታ የለውም ማለት ነው፣ ቀጠን ያለ ይፈልጋል። ሳይጨነቅ ከተቀመጠ ትንሽ ወፈር ያለ ይችላል። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የድሬሳዥ (ፈረስን በስልት የማራመድ ውድድር) ደንብ የስናፍል (ዛቡ በቀጥታ ከቀለበቱ የሚታሰር ልጓም) ዝቅተኛ ውፍረት ለፈረስ 14 ሚሊ፣ ለፖኒ (ቁመቱ አጭር ለሆነ ፈረስ) 10 ሚሊ ነው፣ ለኛ ፈረሶች ከ12 እስከ 14 ሚሊ ባለው ውስጥ ብትፈልጉ አትሳሳቱም። ውፍረቱ የሚለካው ቀለበቱ አጠገብ ነው። ከ10 ሚሊ በታች ከሆነ ግን አፈ ስስ ፈረስ አጠገብ አታድርሱት፣ የተጠማዘዘ ሽቦ የሚባለውንማ ጨርሶ።

4. ቅርፁን ምረጡ

መሀሉ ላይ አንድ ቦታ ብቻ የሚታጠፈው ስናፍል በብዛት የምታገኙት ነው። ሁለቱም ዛብ ሲሳብ እንደ ሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፣ ምላሱን ከጎንና ጎን ይጨብጠዋል፣ ላንቃው ዝቅ ያለ ፈረስ ላይ ደሞ መታጠፊያው ላንቃውን ሊወጋ ይችላል። ዛብ በተነካ ቁጥር አንገቱን ወደ ላይ የሚወረውር ፈረስ ካላችሁና ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይሄንን ነው።

ሁለት ቦታ የሚታጠፈውና መሀሉ ላይ ሞላላ ድቡልቡል ቁራጭ ያለው በምላሱ ቅርፅ ስለሚተኛ ለብዙ አፈ ስስ ፈረስ ጥሩ መጀመሪያ ነው። የመሀሉ ቁራጭ ዝርግና ጠርዝ ያለው ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ በጠርዙ ሲያርፍ ምላስ ላይ ስለት ይሆናል፣ በጣታችሁ አዙራችሁ ዳብሱት። የማይታጠፈውና ትንሽ ወደ ፊት ጎበጥ ያለው ደሞ አለ፣ እሱ አይንቀሳቀስም፣ ብረት አፉ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ለሚረበሽ ፈረስ ይመቻል፣ ጉዳቱ ግራና ቀኝ ለይቶ ለማዘዝ ትንሽ ይደነዝዛል፣ ምላሱ በጣም ወፍራም ከሆነም ሙሉ ጫናው እሱ ላይ ነው። እኔ ብጠየቅ ምላሱን የሚያወጣ፣ ብረቱን የሚያሳድድ ፈረስ ላይ የማይታጠፈውን፣ አንገት የሚሰቅል ላይ ሁለት መታጠፊያ ያለውን ነው መጀመሪያ የምሞክረው።

ቀለበቱን በተመለከተ አጭር ነው፣ ከንፈሩ ጥግ የሚሰነጠቅ ከሆነ የማይሽከረከር ቀለበት ግዙ።

አሁን ስለ ባህላዊው የብረት ልጓም፣ ማለት አገጩን ዞሮ የሚይዝ ቀለበት ያለውና መሀሉ ወደ ላንቃ ከፍ የሚለው። በጉግስም በጥምቀትም በገናም የምናየው፣ ሲያዩት የሚያምር፣ አያቶቻችን በአንድ እጃቸው ጋሻና ጦር ይዘው በሌላው ፈረስ የሚያዙበት ነው፣ ሽምጥ ከሚጋልብበት በአንዴ የሚያቆም ብረት ያስፈልጋቸው ነበር። ዛቡን ላላ አድርጎ በሚይዝ በለመደ እጅ ፈረሱን ላይጎዳ ይችላል። ግን አገጩን ከላይና ከታች ነው የሚይዘው፣ ዛቡ የሚታሰርበት ክንድ ረጅም ሲሆን ደሞ የእጃችሁን ጉልበት ያበዛዋል፣ ስለዚ አፉ ለሚያመው ፈረስ፣ ለጀማሪ ጋላቢ፣ እንጦጦ ላይ ፎቶ ለመነሳት ለሚከራይ እንግዳ እጅ የሚሰጥ አይደለም። ለበዓል ይሁን፣ በሚችል ሰው እጅ።

5. ብረቱ ከምን ተሰራ

ስቴንለስ ግዙ፣ አይላጥም አይዝግም። የሚያብለጨልጭ ቅብ ያለው ርካሹ ሲላጥ ጠርዙ ምላስ ይቆርጣል። መዳብ ያለበት ምራቅ ያመጣል፣ አፉ ለሚደርቅ ፈረስ ጥሩ ነው ይባላል፣ ግን ለስላሳ ብረት ስለሆነ ሲነክሰው ይጎረብጣል፣ በየጊዜው መዳሰስ አለበት። የጎማውም እንደዛው፣ ጥርስ የበላው ጎማ ከብረት ይብሳል፣ አፍ ሲደርቅ ደሞ ይጎትታል።

ስቴንለስ አላገኘንም ወይም ውድ ነው ብላችሁ በያጅ ጋ የምታሰሩ ከሆነ (ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት የማይሰሩት ነገር የለም) በፌሮ እንዳታሰሩ፣ ፌሮው ላይ ያለው ጥርስ ተሞርዶ እንኳን በቀላሉ አይጠፋም። ለስላሳ ድቡልቡል ዘንግ ይሁን፣ የተበየደበት ቦታ አፍ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፣ ከገባም በሞረድ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያልቅ ይለስልስ። ከወሰዳችሁት በኋላ ጥጥ ይዛችሁ ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥረጉት፣ መታጠፊያው ውስጥ ሳይቀር። ጥጡ የሆነ ቦታ ክር ከተወ እዛ ጋ የምላስ ቁስል እየጠበቃችሁ ነው፣ መልሱለት። ሻጩ ወይም በያጁ ሊስቅባችሁ ይችላል፣ ይሳቅ።

6. ያለ ብረትስ?

ይቻላል። አፍ የማይገባ፣ በአፍንጫው ላይ በሚያርፍ ጠፍር የሚታዘዝ የአፍንጫ ልጓም የሚባል አለ፣ ዛቡ ከጎንና ጎን ቀለበት ላይ ይታሰራል። የቆሰለ ፈረስ ላይ ብቸኛው ምርጫ እሱ ነው። ጠፍሩ ዝቅ ብሎ አጥንቱ አልቆ ስጋው በሚለሰልስበት አፍንጫ ላይ እንዳያርፍ፣ ትንፋሽ ያግዳል፣ ከጉንጩ አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ይሁን። ክንድና ሰንሰለት ያለው የአፍንጫ ልጓም ግን ስሙ ብቻ ነው ያለ ብረት፣ ጉልበቱ ከባድ ነው።

ለእንግዳ ፈረስ የምታከራዩ ልጆች፣ ፈረሱን እናንተ በገመድ ከመራችሁት እንግዳው የሚይዘውን ዛብ ለምን ከአፉ ታስሩታላችሁ፣ ራሱ ላይ ካለው የገመድ ማሰሪያ ጎን ጎን እሰሩለት፣ ሚዛን ሲያጣ ዛቡን ነው የሚጎትተው፣ ያንን ሁሉ የሚቀበለው የፈረሱ ድድ ነው። ብቻ ይሄንን ስትሞክሩ መጀመሪያ አጥር ውስጥ ይሁን፣ ሲኖትራክ በሚከንፍበት አስፋልት ዳር አይደለም።

7. አገባቡና ልኩ

ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ውርጭ ነው፣ ውጪ ያደረ ብረት አፍ ሲገባ ያው እንደምታስቡት ነው። እጃችሁ ውስጥ ወይም ብብታችሁ ስር አሙቁት፣ ለብ ባለ ውሃ መንከርም ይቻላል። ልጓም የሚጠላ ፈረስ ከሆነ ትንሽ ማር ቀቡት። አፉ እስኪከፈት ብረቱን ጥርሱ ላይ አታንኳኩ፣ አውራ ጣት በጥጉ አስገቡ፣ ሲከፍት አስገቡት። ስታወጡም አትንጠቁ፣ ጠፍሩን ከጆሮው አውርዳችሁ ራሱ እስኪተፋው ያዙለት፣ ልጓም የሚጠላ ብዙ ፈረስ መጥላት የጀመረው ሲወጣ ጥርሱን ስለመታው ነው።

ከፍታው፣ የከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ወይም አንድ ተኩል እጥፋት ይታይ ይባላል፣ እንደ መነሻ ያዙት እንጂ ከንፈሩ ወፍራም የሆነና ስስ የሆነ ፈረስ እኩል አይታጠፍም። ዋናው ብረቱ ከንፈሩን ነክቶ ይቀመጥ፣ ከላይ መንጋጋውን አይምታ፣ ከታች ክራንቻውን አይንካ። ወንድ ፈረስ ከ4 እስከ 5 አመቱ ክራንቻ ያወጣል፣ ባዝራ ላይ ብዙ ጊዜ የለም፣ ስለዚ ለባዝራዋ የሚሆነው ቀዳዳ ለድንጉላው ላይሆን ይችላል። በጣም ዝቅ ካለ ምላሱን በላዩ ያሳልፋል፣ በጣም ከፍ ካለ ዛብ ባትነኩም እረፍት የለውም። የአፍንጫ ጠፍር ካለ አፍንጫው ላይ ሁለት ጣት በደንብ ይግባበት። ማኘክ አለበት።

8. ሙከራው

አዲሱን ልጓም አስገብታችሁ ወዲያው አትጋልቡ። ዛብ ሳታስሩ ትንሽ ይቁምበት፣ ይቅመሰው። ቀጥሎ በረጅም ገመድ ዙሪያውን ይሂድ፣ ግን ገመዱ ከልጓሙ ሳይሆን ከራሱ ማሰሪያ ይታሰር። ከዛ ተቀምጣችሁ በእርምጃ፣ ከዛ ሶምሶማ፣ ግልቢያ በመጨረሻ። ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረፃችሁ፣ ኮርቻ ላይ ሆናችሁ የማይታያችሁ ብዙ ነገር አለ። በአንድ ጊዜ ደሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ልጓሙንም ጠፍሩንም ኮርቻውንም አንድ ቀን ቀይራችሁ ፈረሱ ቢሻለው የቱ እንደሰራ በምን ታውቃላችሁ።

የምትፈልጉት ከንፈሩ ዳር ትንሽ አረፋ፣ ዝግ ያለ አፍ፣ ቀስ ያለ ማኘክ ነው። ደረቅ አፍ ጥሩ አይደለም፣ በጣም የሚዝረበረብም እንዲሁ። በአንድ አቅጣጫ ስትዞሩ ብቻ የሚከፋው ከሆነ ወደ ጥርሱ ተመለሱ፣ ወይም ልጓሙ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ታስሮ ይሆናል። ዛብ ስትለቁለት ወዲያው የሚረጋጋ ከሆነ ደሞ ጉዳዩ የብረቱ ሳይሆን የእጃችሁ ሊሆን ይችላል። ኮርቻ ላይ ለመቆየት በዛብ የሚደገፍ ሰው ካለ ምንም ልጓም አያድነውም፣ እርካቡን አስተካክሎ የኮርቻውን ፊት ይያዝ። ጀርባው ላይ ኮርቻው የላጠው ቁስል ያለበት ፈረስም አንገት ይሰቅላል፣ ግላሱን ገልጣችሁ እዩ። በመጀመሪያው ቀን "ተስማማው" አትበሉ፣ አዲስ ነገር ስለሆነ ብቻ ለቀናት ዝም ሊል ይችላል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ታገሱና አፉን እንደገና ከፍታችሁ ባዶውን ድድ ዳብሱ።

9. አያያዝ

ከተጋለበ በኋላ በውሃ ብቻ እጠቡት፣ የደረቀ ምራቅና ገለባ ጠዋት ላይ አሸዋ ነው። ልጓም ከፈረስ ፈረስ አታዋውሱ፣ የጋሪ ፈረሶች ላይ በቆዳ እብጠትና ቁስል የሚታየው ክፉ የፈንገስ በሽታ በቁስል በኩልና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል፣ ግድ ከሆነ ታጥቦ በበረኪና ተነክሮ እንደገና በደንብ ታጥቦ ይሁን። በወር አንዴ ጥጡን ድገሙት። ቀለበቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰፍቶ ጠርዝ ካወጣ ወይም መታጠፊያው ከተበላ አትጠግኑት፣ ለቆራሌው ስጡት፣ ብቻ ሌላ ሰው ገዝቶ ሌላ ፈረስ አፍ ውስጥ እንዳይከተው በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ ስጡት።